የካባው ገበር

ጎረቤላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ አስካለማርያም
ሮም

በሰው አገር ጤናዎን የጠበቀልዎ አምላክ ይመስገን። እናቴ ጉልበቷ ከመያዙ በቀር ደህና ነች፤ «ለአክስቴ ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ድምፅዋ ከራቀኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነ» ብላለች። አባቴ መርጌታ ገብረ ጻድቅ ዓይኑ ደክሟል፤ ቅኔውን ግን አልተወም። አድራሻዎን ያገኘሁት ከወይዘሮ አልታየች ነው።

ወለተሐና ነኝ። ሲሄዱ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። «እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው የማኅበራችንን መዝገብ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ሃያ ስድስት ሞልቶኛል፤ እዚሁ ጎረቤላ አስተማሪ ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩበትን እነግርዎታለሁ።

እርስዎ በወጡበት ዓመት አዲስ አበባ ያለው ዋናው የሴቶች የቅርስ ማኅበር ሲፈርስ የአንኮበሩ ቅርንጫፍ አልፈረሰም። ወይዘሮ አልታየች ሊቀ መንበርነቱን ከእርስዎ ተረክበው ይዘውን ቆይተዋል። ከጣርማ በር ባለ በጎች ሱፍ እንለምናለን፣ እንፈትላለን፣ ባና አሠርተን ጧሪ ለሌላቸው እናለብሳለን። ያረጀ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ እንጠግናለን። የአሊዩ አምባ ሴቶች ለእኛ ልጆች ጥጥ መፍተል ያስተምራሉ። ለድኻ ሙሽሮች የምናውሰው፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ካባ ብቻ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ድኻ ሙሽራ ጠፍታ አይደለም፤ የመሳፍንት ልብስ ለበሰች ተብላ እንዳትከሰስ ስለምትፈራ ነው።

ባለፈው ወር የወረዳው ንብረት አጣሪ ኮሚቴ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ዐውደ ርእይ ቅርስ እሰበስባለሁ ብሎ መጣ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ዘርአ ዳዊት ይባላል። «ስለ ካባው አስረጂኝ» አለኝ። አስረዳሁት። አረንጓዴ ከፈይ ነው፣ ጥልፉ የወርቅ ዘቦ፣ ገበሩ ነጭ አቡጀዲ አልኩት። ተውሳ የተዳረች ሙሽራ ስትመልሰው ከራሷ ቀሚስ ጥለት አንድ ክር መዝዛ ገበሩ ላይ በገዛ እጇ አንድ መስመር ትሰፋለች። ስም አይጻፍም፣ የማን ስፌት እንደሆነ አይጠየቅም፤ ድኽነቷን ማንም እንዳያነሳባት። ስልሳ ሦስት ስፌት አለው አልኩት።

«እንየዋ!» አለ።

ማኅተሙ ደህና ነበር። የወይዘሮ አልታየችና የአሊዩ አምባዋ የወይዘሮ መሪማ ቁልፎች እንደ ደንቡ አብረው ገቡ። ሣጥኑ ተከፈተ። ውስጡ አንድ አሮጌ በርኖስና አንድ የወፍጮ መጅ ነበር።

ጓድ ዘርአ ዳዊት መጁን በሁለት እጁ አነሳና «የእመቤቶቹ ወርቅ ይከብዳል ጃል!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ መዝገቡን አስመጣ።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አንብቢው።»

«ማኅተሙ አልተነካም፤ ካባው በቦታው አለ።»

«ካባውን አይተሻል?»

«ደንቡ በየዓመቱ ማኅተሙን እዩ ነው የሚለው፤ ክፈቱ አይልም።»

«ስንት ጊዜ ፈርመሻል?»

«ዘጠኝ።»

«ያላየሽውን ነገር ዘጠኝ ጊዜ አለ ያልሽ አስተማሪ ነሻ! ልጆቻችንን ምን ስታስተምሪያቸው ኖርሽ?»

ይህን ያህሉ እውነቱን ነው።

እኔን ከሥራ አባረሩኝ። ወይዘሮ መሪማን አሰሯቸው። የእኛ ቁልፍ ከእርስዎ ወደ ወይዘሮ አልታየች ተላልፏል፤ የእሳቸው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከአንገታቸው አልወረደም፣ ስለዚህ ሌባዋ እሷ ነች አሉ። አንዱ ቁልፍ በክርስቲያን፣ አንዱ በእስላም እጅ የተደረገው አንዳችን ያለ ሌላችን እንዳንከፍት እንደነበር ያውቃሉ። አሁን ገበያ ላይ «ድሮስ ለእስላም ቁልፍ ይሰጣል?» የሚል ሰው አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ተናጋሪዋን በስሟ ጠርቼ አዋርጃታለሁ፤ ግን አንድ አፍ ነው የዘጋሁት።

ሣጥኑ የሚታሸግበት ማኅተም እስከ ጥር 1967 በማን እጅ እንደነበር እኔም እርስዎም እናውቃለን። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ወረቀት ነው። ስለ ካባው የሚያውቁትን ጽፈው ይፈርሙ። ችሎቱ ጥር ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶ ቢያነበው አይገርመኝም። ያንብበው።

አክባሪዎ
ወለተሐና ገብረ ጻድቅ


ሮም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለወለተሐና

ጸሎትሽ ደርሶልኝ እኔ ደህና ነኝ። እመቤቴ ማርያም አንቺንም፣ እናትሽንም፣ መርጌታንም በክንፏ ትጋርዳችሁ። የጻፍሽልኝን ሳየው እጅ ጽሑፍሽ ዛሬም ያው ነው፤ አለቀስኩ።

እዚህ ክረምቱ ከጣርማ በር ይብሳል። የምኖረው አንድ ደግ ቤተሰብ ዘንድ ነው፤ አሮጊት እናታቸውን እጠብቃለሁ። ከቤቴ ጀርባ ያለው የኮሶ ዛፍ አለ ወይስ ቆረጡት? ማን ገባበት ቤቱ? ሰው ሲመጣ ጥቂት ድርቆሽ ላኪልኝ፤ በውኃ አርሼ ልብላው፣ አፌ የአገሬን ነገር ረሳ።

ስለ ካባው የጠየቅሽኝ ነገር ዘመኑ ስለራቀ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ተደናግጠን ነበር። መሪማ ታጋሽ ሴት ናት፤ እውነቱ ሲወጣ ይፈቷታል። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ኮሚቴ ፊት አትቁሚ፣ አፍሽን ሰብስቢ።

ልጄ ብርሃነ መስቀል አዲስ አበባ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥሩ ቦታ ይዟል። ስትጽፊ ስሙን አታንሺ። ለእሱም አትጻፊለት።

ካፖርት ልኬልሻለሁ፤ የበግ ጠጉር አለው። ልበሺው።

የምትወድሽ
አስካለማርያም


ጎረቤላ፣ ጥር 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩት እትዬ አስካለማርያም

ሰላምታዬ እንደ ቀድሞው ነው፤ እግዚአብሔር ከክረምቱ ይሰውርዎ።

የኮሶው ዛፍ አለ። ቤትዎ የእህል መጋዘን ሆኗል። ድርቆሹን እናቴ እያደረቀችልዎ ነው፤ ከእኔ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። እኔም ለጠየቅሁት እንዲህ አጭር መልስ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ችሎቱ ለሚያዝያ ተቀጠረ። ካፖርትዎ ደርሶኛል፤ አልለበስኩትም። ደብረ ብርሃን እስር ቤት ይዤው ሄድኩና ለወይዘሮ መሪማ አስገባሁላቸው። ያውቃሉ፣ እሳቸው የቆላ ሰው ናቸው፤ አሊዩ አምባ ተወልደው አሊዩ አምባ ያረጁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ በስሚንቶ ወለል ላይ ምን እንደሚያደርጋቸው ይገምቱ። በሽቦው በኩል ሲያዩኝ ግን ሳቁ።

«ይኼ የእናንተ ብርድ ሰው ይመርጣል መሰለኝ» አሉ፤ «አጠገቤ ያሉት ሁሉ ያንኮራፋሉ፣ እኔን ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ያነጋግረኛል።»

«እትዬ መሪማ፣ ቁልፉን ከአንገትዎ አውልቀው ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

«አንቺ የመርጌታ ልጅ፣ ከማስተማር ሲያባርሩሽ ፖሊስ ገባሽ እንዴ?»

«አልሰጠሁም ብለው ይማሉ?»

ሳቃቸው ከፊታቸው ሲሄድ አየሁት። እሳቸው በሐሰት የሚምሉ ሰው አይደሉም።

«አደራ አለብኝ» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ራሷ ካልተናገረች ከእኔ አፍ አይወጣም። ወላሂ ብያለሁ።»

«እሷ ማን ናት?»

ዘበኛው «በቃ፣ ሰዓት!» አለ። ወይዘሮ መሪማ የካፖርቱን ክሳድ እስከ አገጫቸው ሰብስበው ተነሱ።

«ካፖርቱ ይሞቃል፤ አላህ ይስጥልኝ በያት» አሉኝ።

እትዬ አስካለ፣ ካፖርቱ ከማን እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ከእንግዲህ አላስታውስም አይበሉኝ።

ወለተሐና


መጋቢት 8 ቀን

ልጄ፣

ይህን በሰው እጅ ልኬዋለሁ። አንብበሽ አቃጥዪው። ስሜን አልጻፍኩም፤ ታውቂዋለሽ።

ወስጄዋለሁ። ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ብል እንዳይገባበት ፀሐይ ላስመታው ብዬ መሪማን ቁልፏን ለመንኳት። ደንቡ ሁለታችንም እንድንቆም ነበር። እሷ ልጇ ሰሊሃ ታማባት ነበርና «አንቺን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ» ብላ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። በማግስቱ ስመልስላት ዓይኔን አይታ ገባት። እግሯ ላይ ወደቅኩ። «እኔ ራሴ እስክናገር ድረስ አትናገሪ» አልኳት፤ ማለችልኝ።

እየወረሱ ነበር፤ ታስታውሺያለሽ። እነሱ እጅ ገብቶ ከሚቀደድ ላድነው ብዬ ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። አሁን የት እንዳለ አትጠይቂኝ።

ፊርማ ግን አልችልም። የእኔ ፊርማ ያለበት ወረቀት የልጄን ቦታ ያሳጣዋል፤ ከዚያም ሊብስ ይችላል። እናት ስትሆኚ ይገባሻል። ለመሪማ ማር አስገቢላት፤ ደረቷን ያለሰልስላታል።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።


ጎረቤላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለማርያም

ጤና ይስጥዎ።

አላቃጠልኩትም። እንዲያውም ኮሚቴው ዘንድ ወስጄዋለሁ። ደብቄ አላደርገውም፤ ያደረግሁትን በፊትዎ እናገራለሁ። ጓድ ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን ገልብጦ አየውና «ፊርማው የታለ?» አለኝ። «ስም የሌለው ወረቀት እኔም በቀን አሥር እጽፋለሁ። አንቺ ደግሞ እጅ ጽሑፍ ታውቂበታለሽ ይባላል።» መልሶ ወረወረልኝ።

ለወይዘሮ መሪማም አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፈርማለች?»

«አልፈረሙም።»

«እንግዲያው አልተናገረችም» አሉና ማሳል ጀመሩ። ሳሉ ሲለቃቸው ስለ ሱፉ ጠየቁኝ፤ ዘንድሮ ስንት ባና ወጣ፣ የተፈተለው ማን ጋ ገባ፣ እያሉ። የማኅበሩ ዕቃ ቤት እንደታሸገ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን ተደብቀን እንደምንፈትል አልነገርኳቸውም። አንድ ባና አስገብቼላቸው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ለወለደች ሴት ሰጥተውታል።

ችሎቱ እንደገና ተቀጠረ፤ ለመስከረም። «እናት ስትሆኚ ይገባሻል» ብለውኛል። ወይዘሮ መሪማም እናት ናቸው። ሰሊሃ በየሳምንቱ ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥታ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ የታመመችው ልጅ ናት። እናቷ በማን ምክንያት እንደታሰሩ እስካሁን አታውቅም። አንድ ቀን «ወለተሐና፣ እናቴ ወስዳው ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የገዛ ልጃቸው!

ይፈርሙ። ማር አልልክም።

ወለተሐና


ሮም፣ ነሐሴ 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተሐና

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የያዙት መነኩሲት ነገ ይነሳሉ። ከደብዳቤው ጋር የተፈረመ ቃሌን ታገኛለሽ። ስሜ አለ፣ ፊርማዬ አለ፣ የመሪማ ንጽሕና አለ። ለሚመለከተው አቅርቢው። ብርሃነ መስቀል ለትምህርት ቡልጋሪያ ተልኮ ባለፈው ሳምንት በሰላም ገብቷል፤ እመቤቴ ረዳችኝ።

በጨርቅ የተጠቀለለው ገበሩ ነው። ካባው የለም። በሁለተኛው ክረምት ታምሜ ከሥራ ተባረርኩ፤ አሮጌ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ሸጥኩት። የፈለገው ከፈዩንና ዘቦውን ነው። ገበሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በምላጭ ዙሪያውን ቀደደና መሬት ጣለው። አንስቼ ይዤው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ትራሴ ሥር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ቢጫ ክር የእኔ ነው። ባለጸጋ ቤት ስገባ ሁሉም «የአባቷ ካባ ነው» አሉ፤ ዝም አልኩ። አባቴ ለበሬ እንኳ ያልበቃ ሰው ነበር። አጠገቡ ያለው አረንጓዴ የመሪማ ነው። በአንድ ሳምንት ተድረን፣ በአንድ ቀን መልሰን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፋን። ሊቀ መንበር ሆኜ ለድኻ ልጆች ካባውን ሳለብስ ስኖር ይህን ማወቋን አንድ ቀን እንኳ ፊቷ ላይ አላየሁትም። ሲወርሱን ሣጥኑ ተከፍቶ ያ ክር በአደባባይ የሚነበብ መሰለኝ። ላድነው ያልኩሽ ግማሹን ነው።

መሪማን ይቅር በይኝ ብላለች በያት። እጇን ሳሚልኝ።

አስካለማርያም


አሊዩ አምባ፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ወይዘሮ አስካለማርያም፣

እጃቸውን አልሳምኩልዎትም። ወይዘሮ መሪማ ነሐሴ 9 ቀን ሌሊት በእስር ቤቱ ወለል ላይ ሞተዋል። ካፖርትዎ በላያቸው ነበር።

ቃልዎ ላይ ከፊርማዎ ሥር የጻፉት ቀን ግንቦት 27 ነው። መነኩሲቷ የተነሱት ነሐሴ 18። ሰማንያ አንድ ቀን ወረቀቱ የት ነበር ብዬ አልጠይቅዎትም፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ ነግረውኛል። ልጅዎ ቡልጋሪያ ገብቷል። ወይዘሮ መሪማ የሞቱት በሰባ ሁለተኛው ቀን ነው።

ወረቀቱን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ጓድ ዘርአ ዳዊት በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ተከሳሿ ስለሞተች ፋይሉ ተዘግቷል» አለኝ። «ይከፈት» አልኩ። «ለማን?» አለ። በዓሉ ላይ ዐውደ ርእዩን አይቼዋለሁ። መጁን ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው «አድኃሪያን ቅርስ የዘረፉበት ዘዴ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈውበታል፤ ከሥሩ የወይዘሮ መሪማ ስም አለ። ስሙን በእጄ ቦጨቅኩት። ሁለት ቀን አሰሩኝ፣ ለቀቁኝ።

እነሱ ያልሰሙትን ሌላ ሰው ሰምቷል። ባለፈው ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሐዘን ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቃልዎን ከነስምዎ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የገበያው ሰው ሁሉ ነበር፤ «ለእስላም ቁልፍ ይሰጣል?» ያለችዋም ነበረች። ሰሊሃ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። ቁጭ ያለችው ስጨርስ ነው።

ከዚያ ገበሩን ዘረጋነው። ከላይ ስምንት፣ ከቆላው ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ስፌቶቹን በጣታችን ቆጠርን፤ ስልሳ ሦስቱም አሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቢጫዎን አገኘነው። ክብርዎን አልጠበቅሁልዎትም፤ የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ማኅበሩ ከቆመ ጀምሮ የማን ስፌት ነው ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነው። ደንቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ይጻፍብኝ።

ወይዘሮ አልታየች ከመቀነታቸው ምላጭ አወጡ።

«ትተርተር!» አሉ። «ከእነዚህ ሴቶች ጋር አትቆጠርም።»

ማንም አልተቃወመም። ምላጩን ተቀበልኩ። ክሩን በጥፍሬ ከፍ አድርጌ ልቆርጠው ስል ሰሊሃ እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ» አለች፤ «ገልብጪውና እዪ።»

ገለበጥነው። በጀርባው በኩል አረንጓዴውና ቢጫው አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው እየሳቁ ሲሰፉ ጫፍና ጫፉን ያሰሩት ይመስላል። ቢጫው ሲመዘዝ አረንጓዴው አብሮ ይወጣል።

ሰሊሃ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። «እናቴ ከእሷ ጋር ነው የቋጠረችው» አለች፤ «ተዪው።» ምላጩን ለወይዘሮ አልታየች መለስኩ።

ስለዚህ ክርዎ አለ። የቀረው ስለ ወይዘሮ መሪማ ነው፤ ስለ እርስዎ አይደለም። ይህን እንዲያውቁ ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

ገበሩ ከእንግዲህ ሣጥን አይገባም፤ ሰሊሃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቁልፉም ማኅተሙም ቀርቷል። ከቆላ ዝናብ ያጣ ሰው በየቀኑ በአሊዩ አምባ በኩል ዳገቱን ይወጣል፤ እኛም ሥሩ ተቀምጠን ለባና ሱፍ እንፈትላለን። በበጋው አንዲት ልጅ ታገባለች፤ ካባ የላትም። ገበሩን ትከሻዋ ላይ እንጥልላታለን ብለናል።

እናቴ ያደረቀችልዎን ድርቆሽ ለሚወጡት ሰዎች ሰጥተነዋል።

ለእኔ አይጻፉልኝ። የሚሉት ካለዎት ለሰሊሃ ይጻፉ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነብላታለሁ፤ አንዲት ቃል ሳልዘል።

ወለተሐና ገብረ ጻድቅ